የራሱን ድንኳን የለካ ሰው

ሚስተር ኩርያን መሞቱን የሰማሁት በነሐሴ አጋማሽ፣ ዝናቡ ለአፍታ ጋብ ባለበት አንድ ረፋድ ላይ ነው። ልጁ ከሕንድ ደውሎ፣ አባቱ ትናንት ማረፉንና በዚያው ቀን መቀበሩን ባጭሩ ነገረኝ። "ለእርስዎ እንድነግር ስምዎን በወረቀት ጽፎልኝ ነበር" አለ። የት እንደተቀበረ ጠየቅሁት። የጠራልኝን የመንደር ስም ሦስት ጊዜ አስደግሜው እንኳ በትክክል መያዝ አልቻልኩም። "እዚያ ዘመድ አለው?" አልኩት። "አያቶቼ ነበሩ። ቤቱም ከተሸጠ ቆየ" አለና ይቅርታ ጠይቆ ስልኩን ዘጋ።

ኩርያን በሐዋሳ አርባ ዘጠኝ ዓመት ከአሥር ወር ኖሯል። ሃምሳ ዓመት ብል ይቀለኝ ነበር። እርሱ ግን እንዲህ ያለውን ማጠጋጋት በሕይወት ሳለ አይፈቅድልኝም ነበርና ከሞተም በኋላ አልደፍረውም። ይህን ያህል ዘመን አብሮት የኖረው ሰፈር ሞቱን ሰምቶ ድንኳን አልተከለለትም። ስለ ምን እንዳልተከለ መጻፍ የሚገባኝ እኔ ነኝ፤ ነገሩን ከሥሩ የሚያውቅ ሌላ ሰው የለምና።

የመጣው የንጉሡ ዘመን ሊያበቃ ጥቂት ሲቀረው፣ መንግሥት ለሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ከሕንድ መምህራን በሚያስመጣበት ጊዜ ነበር። እኔ ከዩኒቨርሲቲ በኬሚስትሪ ተመርቄ እዚያው ትምህርት ቤት ስመደብ፣ እርሱ ፊዚክስ ማስተማር ከጀመረ ሁለት ወር ሆኖት ነበር። አጠር ያለ፣ ቀጭን፣ ሸሚዙን እስከ አንገቱ የሚቆልፍ፣ በጋ ከክረምት ጥቁር ጃንጥላ ከእጁ የማይለይ ሰው ነው። ባለቤቱ አናማ ባዮሎጂ ታስተምር ነበር። አብረዋቸው የመጡት የአገራቸው መምህራን ሥርዓቱ ሲለወጥ አንድ በአንድ ወደ ሌላ አገር ተበተኑ። ኩርያን ቀረ። ለምን እንደቀረ በጠየቅሁት ቁጥር "ያስጀመርኳቸው ልጆች ገና አልጨረሱም" ይለኝ ነበር። እነዚያ ሲጨርሱ ሌሎች ያስጀምራል።

አማርኛውን ከተማሪዎቹና ከገበያ ነው የለቀመው። የሚጠብቀውን እያላላ፣ የሚላላውን እያጠበቀ ይናገራል፤ ሐሳቡ ግን ተዛብቶ አያውቅም። ወተት ከሚያመጡት የሲዳማ ሴቶች ጋር በራሳቸው ቋንቋ ይጫወት ነበር። እኔ ዕድሜዬን ሁሉ እዚህ ኖሬ ከሰላምታ ያላለፍኩበትን ቋንቋ እርሱ ሲቀልድበት ስሰማ እቀና ነበር።

ተማሪዎቹ እስከ ዛሬ የሚያነሡት አንድ ነገሩን ነው። "አሥር ሴንቲ ሜትር ገደማ" ያለ ተማሪ ማስመሪያውን ይዞ ተመልሶ ይለካል። "ገደማ የሚባል ቁጥር የለም" ይላል ኩርያን። ልጆች ናቸውና ሊያበሽቁት ሲሹ፣ "ቲቸር፣ ደወል ሊደወል አምስት ደቂቃ ገደማ ቀረው!" ብለው ይጮኻሉ። እርሱ ሰዓቱን አይቶ፣ "ሰባት ደቂቃ። ሰባቱንም እንሠራባቸዋለን" ብሎ ወደ ሰሌዳው ይዞራል።

እኔም በፈተና እርማትና በሰዓት አክባሪነት የማልታማ ነበርኩ። የመምህራን ማረፊያ ክፍል ውስጥ "ሁለቱ ሚዛኖች" ይሉን ነበር። ምስጋና አልነበረም፤ እኛ ግን እንደ ምስጋና ወሰድነው። ወዳጅነታችንም በዚያ ላይ ተሠራ።

በታቦር ሰፈር ቤት ከሠራ በኋላ የእድራችን አባል ሆነ። አንድ ክረምት ጎረቤታችን ሞተው ድንኳን ተተከለ። አተካከሉ ያዘነበለ ስለነበር ውኃ በሸራው ላይ ተጠራቅሞ ድንገት ተዘረገፈና የሟቹ ባለቤት ከነነጠላቸው በሰበሱ። ኩርያን ከተቀመጠበት ሆኖ ያየው ነገር እንቅልፍ የነሣው ይመስለኛል። ቀጣዩ ሞት ሲመጣ አሥራ ሁለት ቋጠሮ ያለው ገመድ ይዞ ከች አለ። ሦስት፣ አራት፣ አምስት እያለ ቀጥ ያለ ማዕዘን ለማግኘት ገመዱን በሦስት ማዕዘን እየወጠረ የድንኳኑን እግሮች ቦታ ያስይዝ ጀመር። ሰዎቹ ሳቁበት።

"ጋሽ ኩርያን፣ ሬሳው ጂኦሜትሪ ሊማር ነው እንዴ?" አሉት።

"ሬሳው አይማርም" አለ፤ "እናንተ ትማራላችሁ። ያዝ ጫፉን።"

ያን ቀን ዘነበ፤ በማንም ላይ ግን ጠብታ አልወረደም። ከዚያ ወዲህ ሠላሳ ዓመት ሙሉ በእድራችን ኩርያን ያልለካው ድንኳን ተተክሎ አያውቅም፤ ከአንድ ጊዜ በቀር። ያም አናማ የሞተች ዕለት ነው። ሐዘንተኛ ነህ ብለን ገመዱን ከእጁ ቀምተን አስቀመጥነው። በሦስተኛው ቀን ጠጋ ብሎ፣ "በግራ በኩል አራት ጣት ተዛብቷል" አለኝ። "ለምን ያኔውኑ አልተናገርክም?" አልኩት። "ለእኔ ብላችሁ ስለተከላችሁት" አለ።

አናማ የተቀበረችው በሰፈራችን ቤተ ክርስቲያን ነው። ሁለቱ ተወልደው ያደጉባት የሕንድ ቤተ ክርስቲያን ከእኛዋ ጋር እኅትማማች መሆኗን ካህናቱ አጣርተው በደስታ ተቀበሏት። ኩርያን ከጎኗ ያለውን ቦታ ለራሱ ጠየቀ፤ ፈቀዱለት። በየእሑዱ ከቅዳሴ በኋላ እዚያ ጥቂት ይቆማል። አንድ ጊዜ አብሬው ሳለሁ በጃንጥላው ጫፍ መሬቱን እያሳየኝ፣ "አንድ ሜትር ከሰማንያ ነው። ለክቼዋለሁ። ይበቃኛል" አለኝ። ከዚያች ስፍራ በቀር ከዚህ ዓለም የሚፈልገው ነገር መኖሩን እኔ አላውቅም።

ከጡረታ በኋላ አንድ የግል ትምህርት ቤት ቀጥሮት ያስተምር ነበር። የመኖሪያ ፈቃዱም በዚያ ሥራ ላይ የተንጠለጠለ ነው። ዜግነት እንዲጠይቅ ስንመክረው "ልጆቹ ፈተናቸውን ይጨርሱ" እያለ ዓመት በዓመት ላይ አሳለፈ። ባለፈው መስከረም ግላኮማ የሚሉት የዓይን በሽታ ሰሌዳውን እንዳያይ አደረገው። ማንም ሂድ ሳይለው፣ "በትክክል ሳላይ የማርመው ፈተና ውሸት ነው" ብሎ በገዛ ፈቃዱ ሥራውን ተወ። ከዚያ በኋላ ነው ቀጣሪ ለሌለው ሰው ፈቃዱ እንደማይታደስ የተነገረው። ዜግነቱን አሁን ቢጠይቅ ደግሞ ጉዳዩ ረጅም ጊዜ እንደሚወስድ ነገሩት። ያለ ፈቃድ አንድ ቀን ማደር ለኩርያን የሚታሰብ ነገር አልነበረም።

በየካቲት አንድ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ቤቴ መጣ። ሻይ ቀረበለት። ከደረት ኪሱ አንድ ፖስታ አውጥቶ ጠረጴዛው ላይ አኖረ። የግል ትምህርት ቤቱ ርእሰ መምህር፣ የቀድሞ ተማሪው፣ የጻፈው ደብዳቤ ነው። ሚስተር ኩርያን በትምህርት ቤታችን የፊዚክስ መምህር ሆነው በሙሉ ጊዜ በማገልገል ላይ ስለሚገኙ ፈቃዳቸው ይታደስላቸው ይላል። ከርእሰ መምህሩ ፊርማ ጎን የቦርዱ ሰብሳቢ ፊርማ ያስፈልገዋል። ሰብሳቢው እኔ ነኝ።

"ተመልከተው" አለኝ።

አነበብኩት። "ካቆምክ እኮ አምስት ወር ሆነህ" አልኩ።

"አምስት ወር ከአሥራ ሁለት ቀን።"

"እንግዲያ ይህ እውነት አይደለም።"

"አይደለም።"

"ልጁ ስለሚወድህ ነው የጻፈው።"

"ስለሚወደኝ ነው" አለ።

ቀይ እስክሪብቶዬን አነሣሁ። በደብዳቤው ውስጥ ሁለት የተሳሳቱ ቃላትና አንድ የተንጋደደ ዓረፍተ ነገር ነበሩ፤ አረምኳቸው። የፊርማውን ቦታ ባዶውን ትቼ ወረቀቱን መለስኩለት። "አንተን የመሰለ ሰው በሐሰተኛ ወረቀት አይኖርም" አልኩት። ይህን ስናገር ያከበርኩት መስሎኝ ነበር። ወረቀቱን ያመጣው ከኔ ጋር ሊስቅበት፣ ወይም የእኔን እምቢታ ሰምቶ የራሱን ሊያጸና ነው ብዬ ነበር።

ኩርያን ወረቀቱን በአራት አጠፈና ወደ ኪሱ መለሰው። "ትክክል ነህ" አለኝ። ሻዩን ሳይጨርስ ተነሣ። በአርባ ዘጠኝ ዓመት ውስጥ የቀረበለትን ሻይ ትቶ ሲነሣ ያየሁት ያን ቀን ብቻ ነው።

አንድ ልጁ ከሕንድ የጉዞ ትኬት ላከ። ቀኑ ፈቃዱ ከማለቁ በፊት፣ ለሚያዝያ ሁለተኛ ሳምንት ተቆረጠ። በቀሩት ሳምንታት ኩርያን ቤቱን በትንሽ በትንሹ አፈረሰው። መጻሕፍቱን፣ የላቦራቶሪ ዕቃዎቹን፣ የአናማን የስፌት መኪና ለማን እንደሚሰጡ በትናንሽ ወረቀት እየጻፈ ለጠፈባቸው። ማየት ስለተሳነው ፊደሎቹ ተራራና ሸለቆ ሆነው ነበር። ከዚያ ጃንጥላውን ይዞ ከቤት ወደ ቤት እየዞረ ተሰናበተ። አንዳንዱ ቤት በር ላይ ቆሞ የማን ቤት እንደሆነ በእጁ ግድግዳውን እየዳበሰ ሲያረጋግጥ ሁለት ጊዜ አይቼዋለሁ።

የእድሩ ሊቀ መንበር አቶ ሌዳሞ፣ ጨዋታ አዋቂው ጡረተኛ ሾፌር፣ የስንብት ምሳ እንዲደረግለት ሐሳብ አቀረቡ። አዳራሽ ፈልገን አጣን። "ድንኳን እያለን አዳራሽ ምን ያደርግልናል? ሸራ ሸራ ነው!" አሉ አቶ ሌዳሞ። ሁላችንም ተስማማን። በስብሰባው ላይ ነበርኩ። ከነጠላ ሰረዝ ጋር የምጣላው ሰውዬ የዚያን ውሳኔ ስሕተት አላየሁም።

ምሳው በተቀጠረበት ቅዳሜ ጠዋት የእድሩ ድንኳን በኩርያን ደጃፍ ተተከለ። ጎልማሶቹ ተጣድፈው ነበርና እንደነገሩ አቆሙት። ኩርያን ወጥቶ አንዱን ቋሚ ብረት ዳሰሰው፤ ወደ ሁለተኛው ሄዶ ዳሰሰው።

"ይህን የተከለ ማነው?" አለ።

"ምሳ ለመብላት ነው እኮ ጋሽ ኩርያን" አሉ አቶ ሌዳሞ፤ "ምሳ ደግሞ ልክ ይፈልጋል?"

ኩርያን ገብቶ፣ የታሰረ ሻንጣ አስፈትቶ ገመዱን አወጣ። ቋጠሮዎቹን በዓይኑ ማየት ስላልቻለ በጣቱ እየቆጠረ፣ በጉልበቱ ተንበርክኮ፣ ሦስት፣ አራት፣ አምስት ይል ጀመር። እኔ ጫፉን ይዤ ነበር። ጨዋታ መስሎን እየሳቅን ሳለ ነው ከቁልቁለቱ ጩኸቱ የተሰማው።

ወይዘሮ ብርቅነሽ ነች። ገበያ ላይ ሽንኩርትና ድንች ትሸጣለች። ልጇ በማትሪክ ወድቃ ተስፋ በቆረጠችበት ጊዜ፣ ኩርያን አንድ ዓመት ሙሉ በየቀኑ ከሥራ በኋላ ገበያው ውስጥ ከድንቹ ጆንያ ላይ ተቀምጦ አስተምሯታል። ልጅቱ ዛሬ ሐኪም ነች። ብርቅነሽ ቀኑን ሁሉ ገበያ ስለምትውል የመሄዱን ወሬ አልሰማችም፤ የእድሩን ድንኳን በመምህሩ ደጅ ከሩቅ አይታ፣ ነጠላዋን ወገቧ ላይ አስራ፣ ደረቷን እየመታች ዳገቱን ትወጣለች። ሁለት ሴቶች ከኋላዋ ይከተሏታል።

"ወይኔ ጋሼ! ወይኔ የልጄ አባት! ሳልሰናበትዎት!"

ኩርያን ገመዱን እንደያዘ ወደ ድምፁ ዞረ።

"ብርቅነሽ" አላት። "እኔ ነኝ። ገና ነኝ።"

መሬት ላይ ተቀመጠች። አቶ ሌዳሞ ሳቃቸው መጣ። "አይ ብርቄ! ስንብት ነው እኮ! ለምሳ ነው የተተከለ!"

ሴትዮዋ ድንኳኑን አየች። የተደረደሩትን አግዳሚ ወንበሮች አየች። ከዚያ ኩርያንን አየችው።

"ወዴት ሊሄዱ ነው?" አለችው።

"አገሬ።"

"አገርዎ የት ነው?"

ኩርያን የገመዱን ቋጠሮዎች በጣቱ ይቆጥር ጀመር።

"እንግዲያማ አሁኑኑ ላልቅስልዎት!" አለች። "እዚያ ማን ያለቅስልዎታል? ማን ያውቅዎታል? ስምዎን የሚጠራ ማን አለ?"

ልቅሶዋን እንደገና ጀመረች፤ ይህኛው ግን እያወቀች ነበር። ሁለቱ ሴቶች ተቀበሏት። ምሳ ሊያቀርቡ የመጡት ሴቶች ሳህኑን አስቀምጠው ተከተሉ። ጩኸቱን የሰማ ሁሉ ከመናኸሪያ በኩል ሳይቀር እየመጣ ተቀመጠ፤ የቀድሞ ተማሪዎቹ በባጃጅ ደረሱ። ኩርያን ሌላ ቦታ ስላልነበረ የሐዘንተኛው አግዳሚ ላይ ተቀምጦ የሰዉን እጅ በየተራ ጨበጠ። ከወደ ኋላ አንድ ሽማግሌ፣ "በሕያው ሰው ላይ ይለቀሳል? ሟርት ነው! ተዉ!" ብለው ተቆጡ። ኩርያን ሰማቸው። "ተዉአቸው" አለ። "ደግሞ ድንኳኑ ቀጥ ብሏል።"

ምሳውን ማንም አልቀመሰውም።

በመሄጃው ዋዜማ ከሰዓት በኋላ ወደ አናማ መቃብር አብሬው ሄድኩ። ብዙ ቆመ። ከዚያ ፊቱን ወደ እኔ ሳይመልስ ተናገረ።

"ያን ደብዳቤ ይዤ የመጣሁት እንድትፈርምልኝ ነበር።"

ወደ እርሱ ዞርኩ።

"ሐኪሙ በጥር ነግሮኛል" አለ። "ጉበቴ ነው። መስከረምን አላይም። ፈቃዱ የአንድ ዓመት ነው፤ ከዚያም ግማሹ ይበቃኝ ነበር።"

"ለምን አልነገርከኝም?"

"ብነግርህ ትፈርም ነበር?"

ለዚህ ጥያቄ ከዚያ ወዲህ ብዙ መልስ አሰናድቻለሁ።

"አየህ" አለኝ፤ ቁጣ አልነበረበትም። "እኔም በአንተ ቦታ ብሆን አልፈርምም ነበር። ስለዚህ ልለምንህ አልቻልኩም። ግን እንድትፈርም ፈልጌ ነበር።"

"ስጠኝ" አልኩት። "አሁን ልፈርም። ስጠኝ።"

"ቀደድኩት" አለ።

በማግስቱ አውሮፕላን ማረፊያ ድረስ ሸኘሁት። ያወራነው ስለ ሻንጣው ክብደት ነው።

ከአራት ወር በኋላ ልጁ የደወለልኝ ዕለት መርዶውን ለሰፈሩ ነገርኩ፤ በሦስተኛው ቀን ድንኳን ባይተከል አቶ ሌዳሞ ዘንድ ሄድኩ። ድንኳን እንትከል አልኳቸው። ሥጋው ባይኖርም ስሙ ይጠራ፣ ሰው ይቀመጥለት አልኩ። እርሳቸው ግን አንገታቸውን ደፉ።

"ጋሼ፣ ሰዉ ፈርቷል" አሉኝ። "በቁሙ አልቅሰን ገደልነው እየተባለ ነው። ያን ድንኳን ደግመን ብናወጣ ሴቶቹ ድርሽ አይሉም። ባዶ ድንኳን ተክለን ልናዋርደው ነው?"

"ሟርት ሰው አይገድልም" አልኩ።

"እኔ አውቃለሁ፤ እርስዎም ያውቃሉ። ለብርቅነሽ ማን ይንገራት? ወሬውን ከሰማች ጀምሮ ገበያ አልወጣችም።"

ወደ ብርቅነሽ ቤት ሄድኩ። በሩ ገርበብ ብሎ ነበር። ነጠላዋን ተከናንባ፣ እግሯን አጥፋ መሬት ላይ ተቀምጣለች። ልትነሣልኝ ስትል ትከሻዋን ይዤ መለስኳትና አጠገቧ ያለች ዱካ ላይ ተቀመጥኩ።

"እኔ ነኝ የበላሁት ጋሼ" አለችኝ። "ገና ነኝ እያለኝ አለቀስኩበት።"

ሁሉንም ነገርኳት። ጉበቱን፣ ሐኪሙ በጥር ያለውን፣ ከሚስቱ ጎን የለካውን ቦታ፣ ደብዳቤውን፣ ቀዩን እስክሪብቶ፣ ባዶ የተውኩትን ቦታ። ሕመሙን ማንም ሊያስቀርለት እንደማይችል፣ ነገር ግን እዚህ ይሞት ዘንድ የፈለገውን ፊርማ እኔ እንደከለከልኩት፣ እርሷ ካለቀሰችለት ልቅሶ በቀር በዚህ ዓለም ሌላ የቀብር ክብር እንዳላገኘ አንድም ሳልጨምር፣ አንድም ሳላስቀር ነገርኳት። በሕይወቴ እንዲህ ተጠንቅቄ የተናገርኩት ነገር የለም።

ብርቅነሽ እስከ መጨረሻው ሰማችኝ። ከዚያ እጄን ያዘችና ሳመችው።

"እግዜር ይስጥልኝ ጋሼ" አለች። "እርስዎ እንኳ ለእኔ ብለው ዋሹ።"